ነጭ የለበሰ ሰው

ልጅቷ አውቶቡስ ለመቀየር ከዐይን ክሊኒኩ ፊት ለፊት ስትወርድ፣ አጎቷን ፌርማታው ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ልብስ ሰፊው አጎቷ በዚያ ሰዓት የግራ ዐይናቸውን ሞራ ለማስገፈፍ እዚያው ክሊኒክ አልጋ ላይ መሆን ነበረባቸው።

«ጋሼ!»

«ማነሽ? ሚጣ ነሽ?» አሉ፣ ወደ ድምፁ ዞር ብለው።

ፊታቸው ቆማ በድምፅ ብቻ ነው የለዩዋት። እኚህ ሰው ወላጅ ሆነው ያሳደጓት፣ የስፌት መኪና ላይ ጎብጠው ያስተማሯት ናቸው። ባለፈው ወር የደንበኛ ኮት እጅጌ ገልብጠው ገጥመው ቀኑን ሙሉ ሲያፍሩ ውለዋል። ሐኪሙም ከዚህ በላይ ከዘገዩ መርፌ መያዝ ሊያቅትዎት ይችላል ብሏቸዋል።

«ቀዶ ጥገናውስ?»

«ለሚቀጥለው ወር አዛውሩልኝ ልላቸው ነው። ቀኑ አልሆነም።»

«አልሆነም ያለው ማነው?»

ከደረት ኪሳቸው ስልካቸውን አወጡ። «ይኸው! አንቺው የገዛሽልኝ። ኮከቤን ጠይቆ በየጠዋቱ በድምፅ ያነብልኛል።»

«ጋሼ፣ ጠንቋይ ቤት በሚሄድ ሰው እየሳቁ አይደል እንዴ ያሳደጉኝ?»

«ጠንቋይ ሌላ! ጠንቋይ ፊትሽን አይቶ ነው የሚዋሽሽ። ይኼ ፊቴን አያይ፣ ስሜን አያውቅ፣ ምን ብሎ ይዋሸኛል? ደሞ ያውቃል። በቀደም ‹የጠፋብዎት ነገር ቅርብዎ ነው› ብሎኝ መቀሴን እግሬ ሥር አገኘሁት።»

«መቀስዎ መቼ ርቆ ያውቃል? ያላየው ዐይንዎ ነው እንጂ።»

«ተማርኩ ብለሽ ሁሉን አትናቂ፤ እስቲ የዛሬውን አንብቢና ፍረጂ።»

ስልኩን ተቀብላ አነበበች። «ዛሬ ነጭ የለበሰ ሰው ከሚያቀርብልዎ ነገር ይጠንቀቁ።»

«ሐኪሙ ነጭ አይደል የሚለብሰው?» አሉ።

ክው አለች። ያነበበችውን ዓረፍተ ነገር ታውቀዋለች። የጻፈችው ራሷ ናት።

ለዘመድ አዝማድ «ኮምፒውተር ላይ ነው የምሠራው» ትላለች እንጂ፣ ሥራዋ ለዚህ አፕ የዕለት ዕድል መጻፍ ነው። የተማረ ሰው ስህተቱ እንዲህ ነው፤ እሱ የማያምንበትን ሌላውም እየሳቀ የሚያልፈው ይመስለዋል። ልትደብቀው አሰበች። ዝም ብትል ግን ዐይናቸውን የምታሳጣቸው መሰላትና አጠገባቸው ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ ይኼን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«ምኑን?»

«ኮከቡን። ትናንት ጠዋት ከቢሮአችን ሥር ያለው ካፌ ውስጥ፣ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ አስተናጋጅ ሻይ ጭኔ ላይ ደፋብኝ። እንደተናደድኩ ወጥቼ ጻፍኩት።»

«ሻይ?»

«ሻይ።»

ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተው ስልኩን መልሰው ወሰዱ። «ታዲያ ኮከቡስ?»

«ኮከብ የለም። በየቀኑ ኮምፒውተሩ ላይ ለአሥራ ሁለቱ የኮከብ ምድቦች አሥራ ሁለት ባዶ ሣጥን ይሰጠኛል፤ እስከ ምሳ ሰዓት ሞልቼ አስረክባለሁ። እርስዎ በሌላ ወር ተወልደው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ‹መልካም ዜና ይሰማሉ› ይልዎት ነበር።»

«ስንት ሰው ያነበዋል?»

«ብዙ ሺህ።»

«እንግዲህ እኔ ዘመድ ኖሮኝ መንገድ ላይ አገኘሽኝ። ሌላው ስንቱ ነው ዛሬ ከሐኪም ደጅ የተመለሰው?»

ይህን አንድ ቀን እንኳ ራሷን ጠይቃ አታውቅም። እንባዋ መጣ። ማልቀሷን ከትንፋሿ ለዩና እጃቸውን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረጉ።

«ተይ፣ አታልቅሺ። የኔም ጥፋት አለበት። እውነቱን ልንገርሽ? ፈርቼ ነው። ዐይኔን በስለት ሲነኩት እየታየኝ ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም። ስልኩ ባይለኝም ሰበብ አላጣም ነበር።»

«ፍርሃትዎን ለሐኪሙ ይንገሩት። እሱ ሲጠየቅ ይመልሳል፤ ይኼ ሲጠየቅ ያስፈራራል። እኔም ውጭ ሆኜ እጠብቅዎታለሁ።»

«ነጭ የለበሰው ሰውስ?»

«ሻይ ካቀረበልዎ ብቻ ይጠንቀቁ።»

ሳቁ። ሳቃቸው ሳያልቅ ክንዷን ይዘው መንገዱን ተሻገሩ። ነርሷ ቦታቸውን ለሌላ አልሰጠችም ነበር፤ ሐኪሙም ጥያቄያቸውን አንድ በአንድ ሰምቶ አስረዳቸው፤ የግራ ዐይናቸው ሞራም በዚያው ቀን ተገፈፈ።

ከወር በኋላ ሱቃቸው ስትሄድ መርፌ ላይ ክር በአንድ ሙከራ ሲያስገቡ ደረሰች። ቀና ብለው አዩዋት፣ አጥብቀው አዩዋት፤ ቀጥሎ እጅጌዋን ሳብ አደረጉ።

«ይኼን የሰፋው ማነው? ምን ዓይነት ጉድ ነው!»

«እርስዎ ነዎት ጋሼ። አምና።»

«አውልቂው!» ብለው ስፌቱን መተርተር ጀመሩ።

ሰው ነገውን ለማወቅ ቢጓጓ አይፈረድበትም። ነገር ግን ምክርን ከሚያውቅ መጠየቅ፣ ፍርሃትንም ፍርሃት ብሎ መጥራት፣ ለእኚህ ልብስ ሰፊ ዐይናቸውን፣ እንጀራቸውንና የልጃቸውን ፊት መለሰላቸው። ልጅቷም ከዕድል ጸሐፊነቷ ለቃ ለክሊኒኮች የቀጠሮ ማስታወሻ የሚልክ ድርጅት ገብታለች። ደመወዙ አነስ ቢልም ሥራዋን ለዘመድ ስትናገር አትንተባተብም።

እጅጌው ተሰፍቶ ሳያልቅ የሽማግሌው ስልክ ጮኸ። ከፊታቸው ራቅ አድርገው ይዘው ራሳቸው አነበቡት። «ነገ ጠዋት በሦስት ሰዓት የቀኝ ዐይን ቀጠሮ አለዎት። እባክዎ እንዳይቀሩ።»

«ይኼንንስ ማን ጻፈው?»

«እኔ።»

«እንግዲያው ነገ የሚሆነውን አውቀሻል» አሉና ስልኩን ወደ ደረት ኪሳቸው መለሱት።