የዘሀራ ደብተር ላይ ያየሁት ዝርዝር
በመሠረተ ትምህርት ፊደል የለየሁ ሰሞን ነው። የልጄን የዘሀራን ደብተር ብገልጥ የተማሪዎች ስም ተደርድሯል፤ ከየስሙ አጠገብ ማጀቴ፣ ቀወት የሚል የአገር ስም አለ። የዘሀራ አጠገብ ደግሞ አሊዩ አምባ! በዚያ በደርግ ዘመን ስም ከተጻፈ ለሰፈራ ነው። ልጆቹን ሊበትኗቸው ነው ብዬ ሸዋ ሮቢት ትምህርት ቤት በሩጫ ደረስኩ። እንግሊዝኛ የሚያስተምራቸውን ህንዳዊ፣ "ልጄን የትም አልሰድም!" ብዬ ጮህኩበት። አማርኛ አይሰማ፣ ዓይኑን አፈጠጠ።

ክፍሉ ውስጥ የነበረችው ዘሀራ በሳቅ ፍርስ አለች። "እማ፣ የሚሄደውማ እሱ ነው! ትምህርት ሲዘጋ አገራችንን ሊያይ ነው። ዘመድ ያላችሁ የት ነው ቢለን ጻፍንለት፤ እኔ አሊዩ አምባ አያቴ ጋ ይደር አልኩ።" አልሐምዱሊላህ! ዴስኩ ላይ ቁጭ አልኩ። እዚያው ወረቀት ለምኜ ለአባቴ የመጀመሪያ ደብዳቤዬን ጻፍኩ፦ "አባ፣ የሰው ስም ጽፌ ብልክልዎ አይደንግጡ። እንግዳ ነው።"