ቃጫው ሲፈተን

እኔ ያልተፈተነ ነገር አላምንም። በጃንሆይ ጊዜ ወልቂጤ የእጅ ሥራ አስተምር ነበር። የትምህርት ቤቱን የውሃ ጉድጓድ የሚቆፍር ሰው ልናወርድ ስንል፣ ገመድ ነጋዴው አቶ ነስሩ ከቸሃ የቃጫ ገመድ ይዘው መጡ። «ሳይፈተን ሰው አይወርድበትም» አልኩ። ተቆጡ። «መምህር፣ በእኛ አገር ቤቱ ሁሉ የሚታሰረው በዚህ ነው። ወላሂ፣ ቃጫ ይፈተናል ሲባል ገና ዛሬ ሰማሁ!» «እኔ እንኳን ቃጫ የሰው ልጅም እፈትናለሁ» አልኳቸው። ሳቁና እሺ አሉ።

ሰኞ ተማሪ ሊገባበት በተዘጋጀው አዲስ ክፍል የጣሪያ አግዳሚ እንጨት ላይ ገመዱን አስረን ድንጋይ የሞላ ጆንያ አንጠለጠልንበት። ምንም አልሆነ። ሌላ ጨመርን፤ ገመዱ ጠበቅ አለ እንጂ አንድ ክር አልተነሳም። እኔ ግን ሥራዬን አውቃለሁ፤ «ሰው ሲወርድ ይወዛወዛል፣ ይጨመር!» አልኩ። ሲጨመር ቋ! አለ። ሁላችንም ገመዱን አየን፤ ደህና ነው። ቀና ስንል፣ በቀለም ሲያብረቀርቅ የነበረው አግዳሚ ተሰንጥቆ ከውስጡ የምስጥ አፈር ይረግፋል። ዘለን ከመውጣታችን ጣሪያው ለሰኞ በተደረደሩት ዴስኮች ላይ ተዘረገፈ።

ዲሬክተሩ እየሮጡ መጡ። «ምንድን ነው? ገመዱ ተበጠሰ?»

አቶ ነስሩ ገመዳቸውን ከፍርስራሹ መዘው አቧራውን እያራገፉ፣ «ገመዱስ አልፏል» አሉ። «የወደቀው ክፍልዎ ነው።»

«ይደግማል» አልኩ እኔ።