ጎመኑና የፀሐይ ሰሌዳው

ቀበሌያችን ለጉድጓዱ ውሃ መሳቢያ ኃይል የሚሰጡ የፀሐይ ሰሌዳዎች ሊያስተክል ስብሰባ ጠራ። የተመረጠው ቦታ ሴቶቹ ጎመን አልምተው፣ አየር ጤና ገበያ እየሸጡ ልጅ የሚያሳድጉበት መሬት ነበር። «ጓዶች፣ ከቤንዚን ልመና እንገላገላለን። ጎመኑ ሌላ ቦታ ይተከላል» አሉ ሊቀመንበሩ። ሌላ ቦታ ግን አልነበረም። እኔ ዩኒቨርሲቲ ብጨርስም በሰው ፊት መናገር ያርበተብተኛል። ስለዚህ አጠገቤ ለተቀመጡት ለጎመን ሻጯ ለእትዬ ብርቄ ሐሳቤን በጆሯቸው ነገርኳቸው፤ እሳቸውም ብድግ ብለው፣ «ምሰሶው ይርዘምና ሰሌዳው ከላይ፣ ጎመናችን ከሥር ይሁን» አሉ።

ሊቀመንበሩ ሳቁ። «እትዬ ብርቄ፣ ጎመን በጥላ ያድጋል?»

እትዬ ብርቄ ወደ እኔ ዞሩ። «የነገርሽኝ እዚህ ድረስ ነው። በይ የቀረውን አንቺው ጨርሺው።»

ተነሣሁ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ በበጋ ችግኙ እንዳይቃጠል ሴቶቹ የሣር ዳስ ይሠሩለታል። ሰሌዳዎቹ ተራርቀው ከተተከሉ ዳሱን ይተካሉ፤ ብርሃንም ያሳልፋሉ።»

ሊቀመንበሩ ሰሌዳዎቹን ሊተክል ወደ መጣው መሐንዲስ ዞሩ። መሐንዲሱም፣ «ብረት ይጨምራል እንጂ ይቻላል» አለ።

በበጋው እትዬ ብርቄ ከሰሌዳዎቹ ሥር ቀጥፈው አንድ እስር ጎመን ሰጡኝ። ዲግሪዬን ስቀበል እንኳ እንደዚያ አልኮራሁም።