ልጄን ጠበል ስወስዳት

በልጅነቴ የወለድኋት ልጄ አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ሙታን ከመቃብር የሚወጡበት ልብወለድ ካላነበበች እህል አይወርድላትም። አንድ ቀን መጽሐፏን ሰርቄ፣ ፊደል እየለቀምሁ ጥቂት ገጽ ባነብ እንቅልፍ አጣሁ። "ይቺ ልጅማ ሰይጣን ገብቶባታል" ብዬ በጠዋቱ ጠበል ይዣት ሄድሁ።

አባ መጀመሪያ እሷን አጠመቋት። ፈገግ ብላ ቆመች። ተራው የእኔ ሆነና ውኃው ሲወርድብኝ፣ የደብረ ታቦር ብርድ አጥንቴ ድረስ ገብቶ "ኡኡ! ልቀቁኝ!" ብዬ ጮህሁ። "ለካስ እናትዮዋ ናት!" አለ ሰዉ። አባም መስቀሉን ግንባሬ ላይ ጫን አድርገው፣ "አንተ ርኩስ! የት ያዝካት?" አሉ።

ደንግጬ "ገጽ ሰባት ላይ!" አልሁ።

ልጄ በሳቅ እየፈረሰች፣ "ኧረ እማዬ፣ ገጽ ሰባት ላይ እኮ ገና ማንም አልሞተም!" አለችኝ።