ሉቃስ አይደለም፣ ሉክ ነው

ነይ ግቢ በለጥሽ። በሩን ገርበብ አድርጊልኝ፤ የዛሬው የጀፕስታውን ንፋስ አጥንት ይሰብራል። ለእኔስ ደግ ነው፤ ብርድ ልብሱን እያሸጠልኝ ነው። አንቺ ጋስ? አንሶላው ተንቀሳቀሰልሽ? ይመስገን ነው። እዚህ ካርቶኑ ላይ ተቀመጪ፤ ወንበሯን ለእንግዳ ሰጥቻታለሁ።

እንግዳው? ከመጋረጃው ኋላ ናቸው። ሕፃን አስተኝተው ስልካቸውን እያዩ ነው። ኧረ ተይ፣ ድምፅሽን አትቀንሺ። ሕፃኑ እንደሆነ አንዴ ከተኛ ተኛ ነው። ሰውየውም አማርኛ አይረብሻቸውም… ይሰማሉ፤ መናገሩን ነው የተዉት።

ማን ናቸው አትዪኝ። የወለድኳቸው እኔ ነኝ፤ ስማቸውን ግን መጥራት ትቻለሁ። አባታቸው ያወጣላቸው ስም ረጅም ነበር፣ መሐል ላይ ትንፋሽ ያስወስዳል። ትምህርት ቤት ሲገቡ ግማሹ ቀረ። ሥራ ሲይዙ ደግሞ የቀረው ግማሽ ሁለት የእንግሊዝ ፊደል ሆነ፣ ከነነጥቡ። እኔ ነጥብ እንዴት ተብሎ እንደሚጠራ አላውቅም፤ ስለዚህ «እሳቸው» እላለሁ። አክብሮትም ነው፣ አይደለም እንዴ?

የልጁን ስም ሰምተሻል? እንዴት አወጡት መሰለሽ። እኔ መሃይሟ የተማርኩትን ላጫውትሽ።

ምራቴን ክላሪስን ታውቂያታለሽ፤ የሉቡምባሺዋ፣ ከአንቺ ሮዝ አንሶላ የገዛችው። እሷ ፈረንሳይኛውን ከእናቷ ጡት ጋር ጠብታዋለች። እሳቸው እንግሊዝኛውን ከየት እንደጠቡት እንጃ፤ ከእኔ አለመሆኑን ግን እምላለሁ። ታዲያ ክላሪስ ሆዷ ሲገፋ አንድ እሑድ ምሳ ጠሩኝ። ስም እንመርጣለን፣ አንቺም ሐሳብ ስጪ ተባልኩ። ነጠላዬን ተኩሼ ሄድኩ። ከደንበኛ በቀር የሚጠይቀኝ ሰው ካጣሁ ቆይቷል፤ ደንበኛም የሚጠይቀኝ ዋጋ ነው።

«ማሚ» አሉኝ፣ ገና ሰላጣው ሳይነሳ፤ በእንግሊዝኛ ነው ያሉት፣ እኔ ነኝ የምተረጉምልሽ፤ «ስሙ በፈረንሳይኛም በእንግሊዝኛም እኩል የሚሠራ መሆን አለበት። ልጃችንን ማንም ሁለቴ ስምህ ማን ነው እንዲለው አንፈልግም።»

እንዴት ያለ አርቆ አሳቢነት ነው። እኔ ስወልዳቸው የለመንኩት በሕይወት እንዲያድጉልኝ ብቻ ነበር። ስም እንደ ቻርጀር ሶኬት እንደሚመርጥ ማን ነግሮኝ?

እኔም እንደ ተማሪ እጄን አወጣሁ። «ዑራኤልስ?» አልኩ። ፈገግ አሉልኝ፤ አንቺ ለደንበኛ «አልቋል» ከማለትሽ በፊት ፈገግ እንደምትዪው። ለሰው አፍ ይከብዳል አሉ። የእኔን አፍ አልቆጠሩትም መሰለኝ… ልክ ናቸው፣ ያረጀ አፍ ነው። «ኪዳንስ?» ስል እንግሊዞቹ «ኪዲንግ» ብለው ነው የሚሰሙት፣ ቀልድ ይመስላቸዋል አሉ። ሴትም ልትሆን ትችላለች ብዬ «ቤዛ» አልኩ። ይሄኔ ክላሪስ ናፕኪኗን አፏ ላይ ያዘች፤ ትከሻዋ ይርገፈገፋል። በፈረንሳይኛ ምን እንደሚመስል በጆሮዬ ስትነግረኝ… አልነግርሽም፣ ጾም ነው። እኔ ደግሞ ዕድሜ ልኬን ቤተ ክርስቲያን ቆሜ የዘመርኩት ቃል ነው። እሷም ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ፤ እንባችን እስኪወርድ ተደጋግፈን ሳቅን። እሳቸው ስልካቸው ላይ ሌላ ስም እየፈለጉ ነበር።

ከዚያ ፈተናው ቀጠለ። አንድ ስም ይነሳል። ክላሪስ እንደ ፈረንሳይ አስተማሪ ትጠራዋለች፣ እሳቸው እንደ እንግሊዝ አለቃ ይጠሩታል። እኔ በመሐል ሩዝ እጨምራለሁ። «እስቲ አንቺም ጥሪው» ያለኝ የለም። ለምን ይሉኛል? ስም የሚጠራው አስተማሪና አለቃ ነው። አያት «ና ብላ» ነው የምትለው፤ ለእሱ ደግሞ ስም አያስፈልግም።

በመጨረሻ ተገኘ። «ሉክ» አሉ። ክላሪስም በበኩሏ ጠራችው፣ ሠራ። እኔማ ደስታዬ ልክ አጣ። «ሉቃስ» አልኩ፣ «የወንጌላዊው ስም፤ የእኛው ሉቃስ፤ ተባረኩ» ብዬ ልስማቸው ተነሳሁ። እጃቸውን እንዲህ ዘረጉ፣ ታክሲ እንደምታስቆሚው። «ማሚ፣ ሉቃስ አይደለም፣ ሉክ ነው። እባክሽ ሉቃስ እንዳትዪው፣ ልጁ ግራ ይገባዋል።»

ገና ሆድ ውስጥ ላለ ልጅ ግራ እንዳይገባው የሚጠነቀቅ አባት አይተሽ ታውቂያለሽ? በሁለት ቋንቋ የሠራው ስም በሦስተኛም መሥራቱ ለእሳቸው ጉድለት ሆነባቸው። እኔ ነጋዴዋ ምርቃት መስሎኝ ነበር።

እሺ አልኩ። ቤቴ ገብቼ ልምምድ ጀመርኩ። የእንግሊዙ አይከብድም። የፈረንሳዩ ግን ከንፈር ይፈልጋል፤ ልትስሚ እንዳሰብሽ አሹለሽው፣ ከውስጥ «ኢ» ማለት አለብሽ። ክላሪስ በስልክ አስጠናችኝ። አንድ ቀን እዚሁ መስታወቱ ፊት ቆሜ ከንፈሬን አሹዬ ሳጠና አንድ ጎልማሳ ብርድ ልብስ ሊገዛ ገባ። አየኝ። ለማን እንደሆነ ለማረጋገጥ ወደ ኋላው ዞር ብሎ አየ። «ጎጎ» አለኝ፤ አያቴ ማለቱ ነው በዙሉኛ፤ «ባለቤቴ ውጭ እየጠበቀችኝ ነው።» ሳይገዛ ወጣ። በዚህ ዕድሜዬ ወንድ አስደነገጥኩ እንጂ ስሙንስ አልቻልኩትም። ከአፌ የሚወጣው «ልክ» ብቻ ነው። «ልክ፣ ልክ» እላለሁ ቀኑን ሙሉ። ልክ መግባቴ ነው።

ልጁ በሰላም ተወለደ። አሁን ክላሪስ ወደ ሥራዋ ልትመለስ ነው። እሳቸውም ዛሬ የመጡት ለዚያው ነው፤ ያንን መኪና ጀፕስታውን መንገድ ላይ አቁመው፣ ይሄን ሁሉ ደረጃ በእግራቸው ወጥተው። ቀን ቀን ልጁን እኔ እንድይዝላቸው። ሞግዚት ፈልገው ነበር፣ አላመኗትም፤ እኔን ግን አመኑኝ። ክብር ነው። «አንድ ነገር ብቻ ማሚ» አሉኝ፣ «አማርኛ አታውሪው። ሁለት ቋንቋ ይበቃዋል። በእንግሊዝኛ አውሪው።»

የእኔን እንግሊዝኛ ታውቂው የለ? «ላስት ፕራይስ»፣ «ኖ ቼንጅ»፣ «ዶንት ተች»። እንግዲህ ልጁ አፉን ሲፈታ ጡጦውን ታቅፎ «ላስት ፕራይስ» ቢላቸው በእኔ እንዳይፈርዱ።

አልተቀየምኩም። ለምን እቀየማለሁ? ሰውየው ቋንቋ አዋቂ ናቸው። አዋቂነታቸውን ያየሁት ደግሞ ባለቤቴ አምላኩ የታመመ ጊዜ ነው። አንቺ አልደረስሽበትም። ዳቬይተን ሰፈር ውስጥ ትንሽ ስፓዛ ሱቅ ነበረችው፤ ከብረት ፍርግርግ ኋላ ቆሞ ዳቦና ሳሙና ሲሸጥ ኖረ። ገበያ ሲቀዘቅዝ ልጁን የዱቄት ከረጢት ላይ አስቀምጦ ሀሁ ያስቆጥረው ነበር። እንግሊዝኛውንም ዙሉኛውንም ከደንበኛ ለምዶ ነበር። ጭንቅላቱ ውስጥ ደም የፈሰሰ ጊዜ ግን ያ ሁሉ ጠፋና አማርኛው ብቻ ቀረ። ሐኪሙ እንዲህም ያጋጥማል አለን።

እሳቸው ሆስፒታል ይመላለሱ ነበር፤ ሐሰት አልናገርም፣ አንድ ቀን አልቀሩም። ከሥራ በቀጥታ፣ ከነከረባታቸው። አምላኩ እጃቸውን ይዞ ያወራል፤ ልጅ ሆነው ከረጢቱ ላይ እንቅልፍ ይወስዳቸው የነበረውን፣ የናፈቀውን፣ የፈራውን። እሳቸው ቆመው ይሰሙታል፣ ከዚያ «ኢትስ ኦኬይ ዳድ» ይሉታል፣ ትከሻውን መታ መታ አድርገው። ሌላም ሌላም ይላሉ፣ በዚያው በእንግሊዝኛ። ነርሶቹ እንዳይከፋቸው ይሆናል… እንጃ። ሲወጡ አምላኩ ወደ እኔ ይዞራል። «ምን አለኝ?» ይለኛል።

እኔ አስተርጓሚ ሆንኩልሽ። ቋንቋው የለኝ፤ ከራሴ እየጨመርኩ ነው የምተረጉመው። «አባዬ፣ እወድሃለሁ አለህ» እለዋለሁ። «ልጅ ስወልድ በስምህ እጠራዋለሁ አለህ» እለዋለሁ። ፊቱ ፍክት ይላል። ይኸው አሁን ሳስበው፣ ያን ሁሉ ጊዜ ተሳስቼ ስተረጉም ነው የከረምኩት። መሃይም አስተርጓሚ እንዲህ ናት፤ ያልተባለውን ትሰማለች።

ክላሪስ ግን… ያቺ የሰው አገር ልጅ። ባለፈው ሳምንት ብቻዋን መጣች፣ ልጁን በጀርባዋ አዝላ። አሁን አንቺ ያለሽበት ተቀምጣ፣ በዚያች በተሰባበረች እንግሊዝኛችን «ማማ፣ የአያቱ ስም ማን ነበር?» አለችኝ። ባሏ ሳይነግሯት ቀርተው አይመስለኝም፤ ረስታው ይሆናል። ነገርኳት። «አምላኩ» አለች፣ መጨረሻዋን በዚያ በሹል ከንፈሯ። አረምኳት፣ ደገመችው። ልጁ ጀርባዋ ላይ ሆኖ ከት ብሎ ሳቀ። ደግማ ጠራችው፣ ደግሞ ሳቀ። «እንግዲህ እኔ ቤት ውስጥ እንዲህ ነው የምጠራው» አለችኝ፣ «አንቺም ጥሪው፤ ባሌ ከጠየቀሽ ክላሪስ ናት ያለችኝ በዪው።»

እኔም ልናገር ስል… ሰውየው አልጠየቁኝማ። ዛሬም አልጠየቁኝም።

እና እሺ ብያቸዋለሁ፣ ልጁን እይዛለሁ። እንዴት አልይዝም? ጣቱን ሲሰጠኝ ያ ሁሉ ይረሳኛል። ምን እንደማወራው ደግሞ እኔና እሱ እንተዋወቃለን።

ተነሱ መሰለኝ። አዎ፣ መጋረጃው ተነቃነቀ። በሉ ኑ ጌታዬ፣ ልጁን እዚህ እቅፌ ላይ ያድርጉልኝ፤ ከሥራዎ እንዳይዘገዩ። አንዴ ግን ልመርቅዎት። በአማርኛ ነው፣ ሌላ ምርቃት አልተማርኩም፤ ያልገባዎት ካለ ክላሪስ ታስረዳዎታለች። አንቺም አሜን በይልኝ በለጥሽ።

ዕድሜ ከጤና ይስጥዎት። ቤትዎ ይሙላ፣ ሽበትዎ ይመር። ይሄ ልጅ አድጎ፣ ተምሮ፣ ከረባት አስሮ ለወግ ለማዕረግ ይብቃልዎት። በደከሙም ጊዜ ከአጠገብዎ አይራቅ፤ እርስዎ አባትዎን እንዳናገሩት፣ እሱም እንዲሁ አድርጎ ያናግርዎት።