የአባቴን የሕይወት ታሪክ ስጽፍ

አባቴ አይከል ያረፈ ለት፣ ቀብሩ ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ «የተማርኸው አንተ ነህ፤ አንተ ጻፍ» አሉኝ። የገዛ አባቴን ታሪክ መጻፍ ምን ያቅተኛል ብዬ ተቀመጥሁላችሁ። «ደግ ሰው ነበር» ከማለቴ ብዕሬ ቀጥ አለ። ለማን? ምን አድርጎ? ልቤ ውስጥ ሙሉ የነበረው ሰው ወረቀት ላይ ሁለት መስመር አልሞላ አለኝ። እንደማላውቀው ያወቅሁት ያኔ ነው።

ጎረቤቱን አያ ፈንታን «እስቲ ስለ እሱ ያጫውቱኝ» ብላቸው፣ «ምነው ልጄ፣ እሱ እኮ ዕድሜውን ሙሉ የሚያወራው ስለ አንተ ነበር። ያንተን ከፈለግህ ከልደትህ ጀምሬ ልንገርህ» አሉኝ።

ዛሬ ስለ እናቴ እጽፋለሁ፤ ብዕሬ ሲቆም ቀና ብዬ እጠይቃታለሁ። የአባቴ ወረቀት ግን «ደግ ሰው ነበር» ላይ እንደቆመ ቀረ።