ቀለም የሚጠጣ ቅርፊት

የመኝታ ቤቴ መጋረጃ ፀሐይ በልታው ገርጥቶብኝ ነበርና፣ ቀለም ላስነክረው በብብቴ ሸጉጬ ስሄድ ድልድዩ ላይ አንዲት ወጣት ከነጆንያዋ መንገዱን ዘግታ አገኘኋት። የአትክልተኛዋ ልጅ ናት። ፊደል ያስቆጠርኳት እኔ ነኝ፤ አሁን ኮሌጅ ገብታ ኬሚስትሪ ትማራለች። የጆንያውን አንድ ጫፍ ያዝኩላት።

«ምን ተሸክመሽ ነው?»

«የለውዝ ቅርፊት ነው፣ መምህር። ዘይት መጭመቂያው ደጅ ሊያቃጥሉት ሲሉ ለመንኳቸው። ለአጎቴ ነው።»

ነገሩን ላስረዳ። አጎቷ ጨርቅ ነካሪ ነው፤ እጁን እስከ ክርኑ የያዘው ቀለም ስለማይለቅ ሰፈሩ «እጀ ቀለም» ይለዋል። የነከረበትን ውሃ በቦይ ወደ ወንዙ ይለቀዋል። ታናሽ እህቱ፣ የልጅቷ እናት፣ ከወንዙ ግርጌ ጎመንና ሰላጣ ታለማለች። ባለፈው በጋ ጎመኑ ቀይ ውሃ ሲጠጣ ያየ ገዢ ሁሉ ፊቱን አዞረባት። እህት «ተው» አለች፤ ወንድም «ወንዙን አልገዛሽው» አለ። ከዚያ ወዲህ ደጃፉን ረግጣ አታውቅም። ግትርነት ከአንድ ማኅፀን ወጥቶ ሁለት ቤት ገብቷል፤ ልጅቷም ጆንያ ተሸክማ የወጣችው ሁለቱን ለማስታረቅ ነበር።

ስንደርስ እጀ ቀለም የፈላውን ቀይ ቀለም በእንጨት ያማስላል። ከገመዱ ላይ ጨርቆች ይንጠባጠባሉ፤ ወለሉ የቱ ጋ ሲሚንቶ፣ የቱ ጋ ቀለም እንደሆነ አይለይም።

«እንኳን ደህና መጡ፣ መምህር! ይህቺ ደግሞ ምኑን አግበስብሳ መጣች?»

«ጋሼ፣ ውሃውን ወደ ወንዝ ከመልቀቅዎ በፊት በዚህ ቅርፊት እናሳልፈው ብዬ ነው» አለችው።

ከት ብሎ ሳቀ። «ወራጅ ውሃ ራሱን ያጥባል፣ ልጄ። አባቴም ዕድሜውን ሙሉ እዚሁ ሲደፋ ነው የኖረው። ማን ተጎዳ?»

«አያቴ የሚነክሩት በሥርና በቅጠል ነበር፤ እሱ አፈር ሲያገኝ ይበሰብሳል። የእርስዎ የፋብሪካ ዱቄት ነው። ለገዢ ምን እያሉ ነው የሚሸጡት?»

«ፀሐይ አያስለቅቀው፣ ሳሙና አያስለቅቀው እላለኋ! እውነቴን ነው።»

«ታዲያ ፀሐይና ሳሙና ያቃታቸውን ወንዝ እንዴት አድርጎ ያስለቅቀው?»

እጀ ቀለም ማማሰሉን አቆመ። ወደ እኔ ዞሮ «ኮሌጅ ምላስ ነው እንዴ የሚያስተምረው?» አለኝ።

«እሱንስ ከእናንተው ቤት ነው ይዛው የመጣችው» አልኩት። ሊቆጣ ፈልጎ ነበር፤ ሳቁ ቀደመው።

«እሺ፣ ቅርፊት ቀለምን በምን እጁ ይይዘዋል?»

«ጥጥስ በምን ይይዘዋል?»

«ጥጥማ ይጠጣል!»

«ቅርፊትም ይጠጣል፣ ጋሼ። ጥጡም ከተክል ነው፣ ቅርፊቱም ከተክል ነው። ለአንድ ቀን ጨርቁን ይተዉትና ቅርፊቱን ይንከሩልኝ።»

ነካሪ «ንከር» ሲባል እንቢ አይልም። ቅርፊቱን ወቅጠን፣ አጥበን፣ ከታች ቧንቧ ባለው በርሜል ሞላነው። እጀ ቀለም የቀዘቀዘውን እጣቢ በአንድ ጊዜ ቸለሰበት፤ ከታች ያው ቀዩ ውሃ ባልዲው ውስጥ ወረደ። «ይኸውላችሁ!» አለ፣ ደስታው ፊቱ ላይ እየታየ። እኔም በልቤ ተስፋ ቆርጬ ነበር።

ልጅቷ ግን አልደነገጠችም። «ጨርቅ ቀለም ውስጥ ከተው ወዲያው ያወጡታል?»

«ምን ነክቶኝ! ማደር አለበት እን...» አለ። ከዚያ ማንም ሳያዘው ቧንቧውን ዘጋ፣ ባልዲውን አንስቶ እጣቢውን ቀስ እያለ ጨመረ፣ በርሜሉን ከደነና «ይደር» አለ።

በማግስቱ ትቼለት የሄድኩትን መጋረጃዬን ልወስድ ስመጣ ውሃው ከመጀመሪያው በርሜል እንደ ቀጭን ሻይ ሆኖ ወጣ። በሁለተኛ በርሜል ቅርፊት አሳልፈው ሲያሳድሩት ደግሞ ጠራ። እጀ ቀለም እጁን ባልዲው ውስጥ ከትቶ ጣቶቹን አያቸው።

«ለካ ጨርቅ ስነክር ወንዙንም አብሬ ስነክር ኖሬአለሁ» አለ። ቀጥሎ የጠየቀው ጥያቄ አኮራኝ፦ «የጠጣውን ቅርፊትስ የት ልጣለው? ወንዝ ዳር ብጥለው ዞሮ ዞሮ ያው አይደል?»

«ነው እንጂ» አለች ልጅቷ። «ለከብትም አይስጡት። ሲደርቅ ለጡብ መተኮሻው እንስጥ፣ የእሱ እሳት ብርቱ ስለሆነ ቀለሙንም ያቃጥለዋል። ውሃውንም ጠራ ብለው እንዳይጠጡት፤ ለመጠጥ አልሆነም።»

ይህን አደራ አንባቢም ይያዝልኝ፤ የጠራ ሁሉ ንጹሕ አይደለም። ቢሆንም ጥቅሙ ብዙ ነው። መንገዱን በጭስ ያፍን የነበረው የቅርፊት ክምር ሥራ አገኘ፤ ዘይት ጨማቂውም «መጥታችሁ ጥረጉልኝ» ይላል። ቦዩ ዳር ሣር ብቅ ብሏል። ለዚህ ሁሉ ያስፈለገው ጥቂት ትዕግሥትና ሁለት አሮጌ በርሜል ነው።

ልጅቷ ግን ሳይሳካ ቀርቶ ጠቡ እንዳይብስ ብላ ለእናቷ ትንፍሽ አላለችም ነበር። አንድ ረፋድ ሦስታችንም በርሜሉ ዙሪያ ቆመን ሳለ አትክልተኛዋ ዳገቱን እየሮጠች መጣች። እግሯ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው፣ መኮትኮቻዋም ከእጇ አልወረደም። ደጃፉን ዘልቃ ገባችና ወንድሟን ስታይ ባለችበት ቀረች።

«ምነው እህቴ? ምን ሆንሽ?» አለ እጀ ቀለም።

«አለህ?» አለች፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ። «በሥራ ቀን ውሃው ጠርቶ ወረደ... ዛሬም ጠርቶ ወረደ... የሞትክ መስሎኝ!»

እጀ ቀለም እጁን በሽርጡ ጠረገ፤ መቼም አይለቅም።

«አንቺ ሳትታረቂኝ ወዴት እሞታለሁ?» አላት።